እኅታችን ስታነክስ ቅባት ሸጥንላት

ወገኖቼ ሆይ፥ ከቤይሩት በስተ ምሥራቅ በመትን ኮረብታ ላይ በተሠራችው በፋናር ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ የምንውል፥ ውኃ የጠጣ ምንጣፍ ተሸክመን በረንዳ የምናጥብ፥ አቅም ያጣ አረጋዊ ከአልጋ አንሥተን መልሰን የምናስተኛ፥ ስለ ልጆቻችን እንጀራ ብለን ወገባችንን የሰጠን እኛ፥ ከአባቶቻችን የተቀበልነውን አንድ ሥርዓት ጥለናል፤ እርሱም ድውይን መጠየቅ ነው።

እሑድ በዳውራና በቡርጅ ሐሙድ ስንገናኝ ከበርበሬውና ከቡናው ጎን ስም ያልተጻፈበት ብልቃጥ ከቦርሳ ይወጣል፤ «የሐሺሽ ቅባት ነው፥ ነርቭ ይፈታል» ይባላል፤ ከመቀመጫዋ እስከ ተረከዟ እሳት የሚወርድባት እኅትም ከደመወዟ ቆጥራ ትሰጣለች። ከየት መጣ፥ በምን ተቀመመ፥ ሕመሟስ ከምን መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሻጯ ገንዘቧን፥ እኛም ዕረፍታችንን ይዘን እንለያያለን፤ ታማሚዋ ግን እያነከሰች ወደ አሠሪዋ ማዳም ቤት ትመለሳለች።

ይህ ከመቀመጫ እስከ ተረከዝ የሚወርደው ሕመም ሳያቲካ ይባላል። ሳያቲክ የሚባለው ነርቭ በገላችን ካሉት ሁሉ ወፍራሙ ነው፤ ሥሩን ከታችኛው አከርካሪ ሰብስቦ በመቀመጫና በጭን በኩል ወደ እግር ይወርዳል። ብዙ ጊዜ የሚያሠቃየን በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ተንሸራቶ የነርቩን ሥር ሲጫነው ነው። በቆዳ ላይ የተቀባ ነገር ከዚያ ጥልቀት እንዴት ይደርሳል? መታሸቱ ያሳርፋል፥ ሙቀቱ ያጽናናል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን የካናቢስ (የሐሺሽ) ቅባት ሳያቲካን እንደሚፈውስ ያረጋገጠ አስተማማኝ ጥናት የለም፤ ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2021 ካናቢስንና ከእርሱ የሚወጡትን ውሁዶች ለሕመም ማስታገሻነት እንደማይደግፍ አስታውቋል። ደግሞም አብዛኛው ሳያቲካ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይቀላል፤ ስለዚህ ጊዜ ያዳነውን ብልቃጡ አዳነው ብለን እንመሰክራለን፥ በምስክርነታችንም ሌላዋን እናስታለን።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት በበይነ መረብ ከሚሸጡ የካናቢስ ውጤቶች 84ቱ ተመርምረው በመለያቸው የተጻፈውን የሲቢዲ (የካናቢስ አንድ ውሁድ) መጠን በትክክል የያዙት 26ቱ ብቻ ነበሩ፤ በ18ቱም ውስጥ የሚያሰክረው ቲኤችሲ ተገኝቷል። እነዚያስ መለያ የተለጠፈባቸው ነበሩ። በዚያው በፋናር የሊባኖስ የግብርና ምርምር ተቋም ቤተ ሙከራ ቆሞ ሳለ፥ የሊባኖስ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፋኩልቲም በሰፈሩ ሳለ፥ እኛ ማንም ያልመረመረውን በእኅታችን ገላ ላይ እንመርጋለን!

«ሊባኖስ ፈቅዳለች» የምትሉ ደግሞ ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ሕግ የፈቀደው ለሕክምናና ለኢንዱስትሪ በፈቃድ የሚደረገውን ልማት ነው እንጂ የጓዳ ቅመማችንን አይደለም፤ እ.ኤ.አ. የ1998ቱ የአደንዛዥ ዕፅ ሕግም አልተሻረም። ካናቢስ በአገራችን በኢትዮጵያም ወንጀል ነው። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የሌላትን እኅት እንዲህ ያለ ብልቃጥ አስይዘን በፍተሻ ኬላ ስናሳልፋት በወገቧ ሕመም ላይ የእስርን ፍርሃት ጨመርንባት፤ ለጥቂት ዶላር ትርፍ!

በር ተቆልፎባት፥ ሠራተኛን ከአሠሪዋ ጋር በሚያቆራኘው በከፋላ ሥርዓት የታሰረችውን አልገሥጽም፤ እ.ኤ.አ. የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን ከጥበቃው ያወጣ ነውና፥ የእርሷን ዕዳ ሌላው ይመልስ። ተግሣጼ ለምንችለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ወጥ የሥራ ውል አሠሪው ለሠራተኛዋ የጤና መድን እንዲገዛ ያስገድዳል፤ ቋንቋውን የምናውቅ፥ ስልክ የያዝን፥ ከአሠሪ ቤት ውጭ የምንኖር እኛ ይህን አንብበን ላላነበበችው አልነገርናትም።

አገር ቤት ያላችሁ ቤተሰቦችም ከዚህ ነቀፋ አታመልጡም። ለሠርግ፥ ለቤት ጣሪያ፥ ለአዲስ ስልክ ትጠይቃላችሁ፤ ገንዘቡ ሲዘገይ ትቆጣላችሁ፤ እርሷም «ደህና ነኝ» ትላለች፥ እናንተም ድምፅዋ ሲቆራረጥ እየሰማችሁ ታምኗታላችሁ። ለጎረቤት የምታሳዩት ጌጥ በማን ጀርባ እንደ ተገዛ ለመጠየቅ ስለ ፈራችሁ፥ ዝምታዋ ለእናንተም ለእኛም ተመቸን።

ድውይን የመጠየቅን ሥርዓት አናውቀውም ልንል አንችልም። እ.ኤ.አ. በ2020 አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በሐዝሚዬ በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ አውርደው ሲሄዱ፥ «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለው የራሳችን እኅቶች ማኅበር ምግብና መጠለያ ፈልጎ ደርሷል። ገንዘብ የሌላቸው ሴቶች ይህን አደረጉ። እኛ ዛሬ እቁብ እንጥላለን፥ ለልደት ኬክ እናዋጣለን፤ ለአንዲት እኅት የሐኪም ክፍያ ግን አንሰበሰብም።

እንግዲህ የምትሸጡ፥ ሽያጩን ተዉ። የምንገናኝ ሁላችን፥ የምታነክሰዋን እኅት ቁጭ አድርገን እንጠይቃት፤ በጭኖቿ መካከል ደንዝዟት፥ ሽንቷን መቆጣጠር አቅቷት ወይም እግሯ ዝሎ መራመድ ተስኗት ከሆነ በዚያችው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል እንውሰዳት፤ ነርቩ ከተጎዳ በኋላ የሚዘገይ ቀዶ ሕክምና የጠፋውን ሁሉ አይመልስምና። ይህ ባይኖርባትም፥ ሕመሟ ሳምንታት ካለፈው፥ አንዷ ትከተላት፥ አንዷ ታስተርጉምላት፥ የቀረነው ክፍያውን እናዋጣ።