የጦር መሣሪያና የመራጩ ሕሊና

አንድ ሰው ጠመንጃውን አንግቶ፣ ማንንም ሳይናገርና ማንንም ሳይነካ፣ በምርጫ ጣቢያ ደጃፍ ቢቆም በደል ፈጽሟል ይባላልን? ይህ ጥያቄ በአሜሪካ በተግባር የሚነሣ ነው። በዚያች አገር የጦር መሣሪያ መያዝ በሕገ መንግሥት የተጠበቀ መብት ሲሆን፣ በምርጫ ጣቢያ እንዳይያዝ አንዳንድ ግዛቶች በግልጽ ሲከለክሉ ሌሎች ግን አልከለከሉም። ዜግነት አግኝተው በዚያ የሚመርጡ ወገኖቻችን ብዙዎች ናቸውና ጉዳዩ ለእኛም ባዕድ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1981 በኒው ጀርዚ በተደረገው የአገረ ገዥ ምርጫ፣ የሪፐብሊካን ፓርቲ ከመደበኛ ሥራቸው ውጪ የነበሩ ፖሊሶችን ቀጥሮ፣ በክንዳቸው መለያ ጨርቅ አስሮላቸው፣ ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ወደሚበዙባቸው የምርጫ ጣቢያዎች አሰማራ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ የታጠቁ ነበሩ። የፓርቲው እጩ በ1,797 ድምፅ ብልጫ አሸነፈ። ፈርቶ ከመንገድ የተመለሰ ቢኖር ግን ስንት እንደ ሆነ የሚቆጥረው የለም። የማስፈራራት ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፤ የተጭበረበረ ወረቀት ቢመረመር ይገኛል፣ ያልተሰጠ ድምፅ ግን ዱካ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2022ም በአሪዞና ግዛት በሜሳ ከተማ፣ ፊታቸውን የሸፈኑ የታጠቁ ሰዎች መራጮች ወረቀታቸውን የሚከቱበትን ሣጥን ሲከታተሉ ታይተዋል።

«እነዚህ ሰዎች ማንን ከለከሉ? የቀረ ቢኖር በገዛ ፈቃዱ ቀረ» የሚል ክርክር ይሰማል። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ከአሪስጣጣሊስ በወሰደው ምሳሌ ለዚህ መልስ የሚሆን ትምህርት ትቶልናል። ማዕበል የያዘው መርከበኛ ጭነቱን በገዛ እጁ ወደ ባሕር ይጥላል፤ ድርጊቱ የራሱ ነው፤ ማዕበሉ ባይኖር ግን ፈጽሞ አያደርገውም ነበር። በፍርሃት ከቤቱ የቀረ መራጭም እንደዚያ መርከበኛ ነው። ልዩነቱ ይህኛውን ማዕበል የሚያስነሣው ሰው መሆኑ ነው፤ ስለዚህም ተጠያቂ አለው።

እርግጥ ነው፣ ባለ መሣሪያው ቅን ሐሳብ ሊኖረው ይችላል፤ ምርጫው እንዳይጭበረበር የሚጠብቅ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን በሰልፍ የቆመችው አሮጊት መሣሪያውን እንጂ ልቡን አታይም። አባቷ ሊመርጥ ሄዶ ተደብድቦ የተመለሰባት ጥቁር አሜሪካዊት፣ ወይም ከጦርነትና ከእስር ሸሽቶ የተሰደደ የአገራችን ሰው፣ የታጠቀ ሰው በደጅ መቆሙ ምን ማለት እንደ ሆነ አስረጂ አያሻቸውም። ባለ መሣሪያው ጠመንጃውን ለአንድ ሰዓት በቤቱ ቢያስቀምጥ ከመብቱ የሚጓደል ነገር የለም፤ እርሷ ግን ፈርታ ብትመለስ የዚያ ቀን ድምጿ ቀርቷል።

ቤተ ክርስቲያንም ይህን ከራሷ ታሪክ ተምራለች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳትን የሚመርጡ ካርዲናሎች ለነገሥታትና ለኃያላን ጫና የተጋለጡ ስለነበሩ፣ ጎርጎርዮስ 15ኛ እ.ኤ.አ. በ1621 ድምፅ በጽሑፍና በምስጢር እንዲሰጥ ደነገጉ። ካርዲናሎች እንኳ ከፍርሃት መጠበቅ ካስፈለጋቸው፣ ድኻ መራጭማ ምን ያህል ያስፈልገው!

የአገሪቱ ሕግም ይህን አልዘነጋም። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው የመምረጥ መብት ሕግ መራጭን ማስፈራራት ይከለክላል። የፌዴራሉ መንግሥት ባለሥልጣናት እንኳ፣ የታጠቀ ጠላትን ለመመከት ካልሆነ በቀር፣ ወታደር ወደ ምርጫ ጣቢያ እንዳይልኩ ታግደዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2022፣ የመሣሪያ ባለቤቶችን መብት ባሰፋበት ውሳኔው ሳይቀር፣ የምርጫ ጣቢያን መሣሪያ ሊከለከልባቸው ከሚችሉ ስፍራዎች መካከል ጠቅሷል። ከአሪዞናው ድርጊት በኋላም አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ሣጥኖቹን ይከታተል የነበረ ቡድን አባላት ከሣጥኖቹ በ250 ጫማ ርቀት ውስጥ መሣሪያ በግልጽ እንዳይዙ አዟል።

ይሁን እንጂ ሕግ ባልከለከለበት ስፍራም የሕሊና ግዴታ አይቀርም። ለጥያቄያችን የምንሰጠው መልስም ይኸው ነው፤ ያ ሰው አንዲት ጥይት ባይተኩስም፣ መቆሙ ሌላውን እንደሚያስፈራ እያወቀ ከቆመ በደል ፈጽሟል። የታጠቀ ወዳጅ ያለን መሣሪያውን በቤቱ እንዲተው እንምከረው። የሚፈራ ጎረቤት ያለንም ብቻውን አንስደደው፤ አብረነው እንሂድ፤ የሚያስፈራራ ቢያጋጥምም ለጣቢያው ኃላፊዎች እናመልክት።