ምጽዋት ያልከፈለው ዕዳ

ቀራጩ ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ባስተናገደ ዕለት ሁለት ነገር ቃል ገባ። አንደኛው፣ የሀብቱን እኩሌታ ለድኾች መስጠት ነው። ሁለተኛው፣ ያታለለው ሰው ካለ አራት እጥፍ አድርጎ መመለስ ነው። ስብከታችን ብዙ ጊዜ ሁለቱን ደባልቆ ዘኬዎስን ለጋስ ሰው አድርጎ ያልፈዋል። ነገር ግን የመጀመሪያው ስጦታ ነው፤ ባይሰጥ የሚከሰው የለም። ሁለተኛው ዕዳ ነው፤ ባይከፍል ተበዳዩ ዳኛ ፊት ሊያቆመው ይችላል። በስጦታ ተቀባዩ ያመሰግናል፤ በዕዳ ግን ምስጋና የለበትም፤ የራሱን ነው የወሰደው። ክርስቲያን ስለ ድኻና ስለ ተገፋ ሰው ሲናገር ስለ የትኛው ነው የሚናገረው? ይህን ጥያቄ በደፈናው ከማንሣት በማውቀው አገር፣ በጣና ዳር፣ ልመርምረው።

ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ የተሻገረ ሰው አንድ ሰዓት ሳይሞላው ደን ውስጥ ይገባል። ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የምትወስደው ቀጭን መንገድ በቡና ዛፎች መካከል ታልፋለች። ቡናው ያለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ሲደርስ ቀዩ ፍሬ በእጅ እየተመረጠ ይለቀማል፤ ይሰጣል፤ ይወቀጣል፤ ይበጠራል። ሁሉም የሰው እጅ ሥራ ነው፤ በሬ የሚያግዝበት ቦታ የለም። በሬ ቢኖርም አይገባም። ትውፊቱ እንደሚለው እግዚአብሔር ለአቡነ በትረ ማርያም የዘጌ ሰው ያለ ሞፈርና ቀንበር እንዲኖር ቃል ኪዳን ስለ ሰጠው ምድሯ አትታረስም፤ የቀንድ ከብትም አይረባባትም። ደኑን እስከ ዛሬ ያቆየው ይህ ግዝት ነው። በዙሪያው ያለው አገር ተመንጥሮ ሲያልቅ ዘጌ አረንጓዴ ሆና መቅረቷ የሃይማኖት ፍሬ ነው፤ ይህን ሳልመሰክር አላልፍም።

ከዘጌ ሰው የተነሣው የእርሻ ላብ ግን ወዴት ሄደ? የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አሕመድ የዘጌን ካህናት እንደ ቡና ተካይና እንደ ባሪያ አሳዳሪ አድርጎ ያጠናበት ሥራ ከ1900 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. ያለውን ዘመን የሚመለከት ነው። ከቡናው ባለቤቶች መካከል ካህናት ነበሩ። ከለቃሚዎቹ መካከል ደግሞ ከምዕራቡ ቆላ ተፈንግለው መጥተው በገንዘብ የተገዙ ሰዎች ነበሩ። እዚያ ደን ውስጥ ቆሜ ከሁሉ በላይ የሚከብደኝ ይህ ነው፦ መሬቱ እንዳይቆስል ግዝት ነበረ፤ ለሰውየው ግን አልነበረም።

እነዚያ ካህናት ከሌላው ሰው የከፉ ነበሩ ማለቴ አይደለም። ያደረጉት በዘመኑ ሕግ የተፈቀደላቸውን ነው፤ ስለዚህ መመርመር ያለበት ሕጉ ነው። ፍትሐ ነገሥት ሰው በተፈጥሮው ነጻ መሆኑን ይመሰክራል። ከዚያ የጦርነትን ልማድ ምክንያት አድርጎ ባርነትን ይፈቅዳል፤ ባሪያን ነጻ ማውጣትንም ከመልካም ሥራ ይቆጥራል። ሰው በተፈጥሮው ነጻ ከሆነ ነጻ የሚያወጣው ጌታ የሚሰጠው ምንድን ነው? የሰውየውን የራሱን ንብረት ነው። የተወሰደን ነገር ለባለቤቱ መመለስ ደግሞ ትሩፋት ሊባል አይችልም፤ ግዴታ ነው። ሕጉ እውነቱን በአንድ እጁ ጨብጦ በሌላው ዕዳውን ስጦታ አደረገው፤ ባለ ዕዳውም ጻድቅ ተባለ። ለድኻ ስለ መናገር ያለን ግራ መጋባት ሁሉ ከዚህች አንድ ማምለጫ የሚጀምር ይመስለኛል።

ከሐይቁ ምሥራቅ፣ በእንፍራዝ እንደ ተጻፈ የሚነገርለት የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታም ይህን ጉዳይ ነክቶታል። ደራሲው የ17ኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያዊ ነው ወይስ የ19ኛው መቶ ዘመን ጣሊያናዊ መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ክርክር አልተዘጋም። ለጥያቄዬ ግን ሐሳቡ ይበቃኛል። ሰውን እንደ እንስሳ መሸጥና መግዛት ከእግዚአብሔር የመጣ ሕግ ሊሆን እንደማይችል በድፍረት ይሞግታል። ወቀሳውን የሚያነጣጥረው ግን በእስላሞች ሕግ ላይ ነው፤ በዚያ ዘመን የክርስቲያን ጌቶችም ቤት ባሪያ ነበረበት። የጎረቤትን ኃጢአት መንቀፍ ለፈላስፋም ቀላል ነው ማለት ነው። ሆኖም በሌላ ቦታ ከዚህ የበለጠ ነገር አድርጓል። ባስጠጋው ሰው፣ በሀብቱ ቤት ታገለግል የነበረችውን ሒሩትን ሊያገባ ሲስማማ፣ ከእንግዲህ አገልጋይህ ናት ሲባል አልተቀበለም፤ ባልና ሚስት እኩል ስለሆኑ ጌታና ገረድ ሊባሉ አይገባም አለ። ስለ ባሪያ ንግድ ከጻፈው ይልቅ ይህኛው ይበልጥብኛል፤ እዚህ ላይ የተነካው የራሱ ጥቅም ነውና።

ምጽዋትን እያናናቅሁ አይደለም። በዚህ አገር ምጽዋት ባይኖር የስንት ሰው ነፍስ ባልተረፈ ነበር። የአብነት ተማሪው ለምድ ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ሲዞር ቁራሽ ከልክለው የሚመልሱት ጥቂቶች ናቸው፤ ቅኔውም ዜማውም እስከ ዛሬ የደረሰው በዚያች ቁራሽ ነው። ምጽዋት ግን አንድ ነገር አይጠይቅም፤ የተራበው ሰው እንዴት ተራበ ብሎ አይመረምርም። በባሕር ዳር ቤቶች ከገጠር መጥተው በደላላ የተቀጠሩ ልጃገረዶች አሉ፤ ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ሁሉም ሰው ከተኛ በኋላ ይተኛሉ። ደሞዟ ለወራት የተያዘባት ልጅ ቤት ቀርታ ወጥ ስትሠራ፣ አሠሪዋ እሑድ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ በቤተ ክርስቲያኑ በር ለተቀመጡት የኔ ቢጤዎች ሳንቲም ታድላለች። ሳንቲሙ የማን ነው? የሐዋርያው ያዕቆብ መልእክት የተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽና ጩኸቱም እግዚአብሔር ጆሮ እንደሚደርስ ይናገራል። ደመወዝ እንጂ ምጽዋት አላለም። የነፍስ አባት ንስሐ ሲሰጥ ስለ ጾምና ስለ ስግደት ይጠይቃል። የሠራተኛሽን ደሞዝ ከፍለሻል ወይ ብሎ ቢጠይቅ ከሥልጣኑ ምን ያልፋል? እንዲያውም የሰው ገንዘብ ሳይመለስ ንስሐ እንደማይሞላ የሚያስተምረው እርሱ ራሱ ነው።

አንዱ መልስ የታወቀ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነፍስ ማዳን ነው፣ የፍትሕን ነገር ለመንግሥት ተዉት ይላል። ይህን ከልባቸው የሚሉ አባቶች አሉ፤ ከዓለም ጣጣ መራቅን የመረጡበት ምክንያት አላቸው፤ አከብረዋለሁ። የሐይቁ ታሪክ ግን አይደግፋቸውም። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ባወጁ ጊዜ የጣና ገዳማት ዝም አላሉም። ወለተ ጴጥሮስ ከመኳንንት ቤት ወጥታ፣ ተሰዳ፣ ታስራ፣ በሐይቁ ደሴቶችና ዳርቻዎች ማኅበር እያቋቋመች ንጉሡን ተቃወመች፤ በ1624 ዓ.ም. ሱስንዮስ አዋጃቸውን ሽረው የቀድሞው ሃይማኖት ተመለሰ። የእርሷን ስም የያዘችው ቁራጣ ደግሞ ከንጉሥ ቁጣ የሸሸ ሰው የሚማጠንባት ቦታ ሆና ኖራለች። ስለዚህ ይህች ቤተ ክርስቲያን ለባለ ሥልጣን መናገር ታውቃለች፤ የተሳደደንም ከለላ መስጠት ታውቅበታለች። ጥያቄው ስለ ማን ትናገራለች የሚለው ነው። ምእመኑ ሌት ተቀን አማልዱኝ እያለ የሚጸልይ ሕዝብ ነው። በሰማይ አማላጅ የሚፈልግ ሰው በምድር ለሌላው ማማለድ ሥራዬ አይደለም ለማለት የሚያቀርበው ምክንያት አይታየኝም።

ከሁሉ የሚከብደው ፈተና ተገፊው የእምነት ወንድም ባልሆነ ጊዜ ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢና በሐይቁ ዙሪያ ሰው ወይጦ የሚላቸው፣ እነርሱ ግን ራሳቸውን ነገደ ብለው የሚጠሩ ሕዝቦች ይኖራሉ። የደንገል ታንኳ የእነርሱ ጥበብ ነው። ደንገሉን ያጭዳሉ፤ በፀሐይ ያደርቃሉ፤ እቅፍ እቅፉን በልጥ ጠፍረው ያስራሉ፤ አፍንጫውን ወደ ላይ ይቀለብሳሉ። ጭነቱ ውኃ እንዳይነካው ከውስጥ ሌላ የደንገል ወለል ይደርቡበታል። ታንኳው ውኃ ስለሚጠጣ ከጉዞ ሲመለስ ዳር ላይ አቁመው ያደርቁታል፤ ያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው፤ ሌላ መሥራት የግድ ነው። ሞተር ጀልባ ሳይመጣ በፊት ወደ ደሴቶቹ እህሉም፣ እንጨቱም፣ መነኩሴውም የሚሻገረው በታንኳ ነበር።

እነዚህን ሰዎች የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ ብሎ ክርስቲያኑ ተጸየፋቸው። ሙስሊሞች ቢሆኑም በዚያው ምክንያት ሙስሊሙም አራቃቸው። የጉማሬ አደኑ ከቀረ ቆይቷል፤ ንቀቱ ግን አብሮ አልቀረም፤ አብሯቸው ማዕድ የማይቆርስ ዛሬም አለ። ባሕር ዳር ስትሰፋ የሐይቁ ዳር ለሆቴልና ለመዝናኛ ሲፈለግ፣ ደንገሉ ሲመነጠር፣ እነርሱ ከውኃው እየራቁ ሄዱ። ኑሮው ከውኃ ለሆነ ሰው ከውኃ መራቅ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዘገበ፤ እምቦጭ ሐይቁን በወረረው ጊዜ ደግሞ አገር ሁሉ ጮኸ፤ ከሩቅ ከተማ ሳይቀር ሰው መጥቶ በእጁ ነቀለ። ደግ ሥራ ነው። ለሐይቁ የጮኸነውን ሩቡን ያህል እንኳ ከሐይቁ ለተገፋው ሰው አልጮኽንም። በዘጌ ያየነው ነገር እዚህ ተደግሟል፤ ውኃውና ዛፉ ጠበቃ አገኙ።

ቄሱ ስለ ሙስሊም ጎረቤቱ መሬት በከተማ አስተዳደር ፊት ለምን ይቆማል? የደጉን ሳምራዊ ታሪክ መጥቀስ ይቻላል፤ በመንገድ ላይ የወደቀውን ሰው ሃይማኖቱን ማንም አልጠየቀውም። ከዕዳው ወገን ያለው መልስ ግን ይበልጥ ያጠግበኛል። ዕዳ የአበዳሪውን እምነት አይመለከትም። ገዳማቱ ለዘመናት በታንኳው ተሻግረዋል፤ የአካባቢው ክርስቲያን ደግሞ ታንኳ ሠሪውን ከማዕዱ ከልክሎታል። ሁለቱ ነገሮች ባንድነት ሲታዩ ክርስቲያኑ የሚያደርገው ደግነት ሳይሆን የዘገየ ክፍያ ነው።

ስለ ሌላው መናገር አንደበቱን መንጠቅ አይሆንም ወይ? ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ብዙ በጎ አድራጊዎችም የተሰናከሉት በዚህ ነው። ድኻውን ፎቶ አንሥተው፣ በስሙ ለምነው፣ ሐሳቡን ሳይሰሙ ይመለሳሉ። መልሱን ግን ከአባቶቻችን ሥርዓት አገኘዋለሁ። ድሮ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንድ መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ካለ ጉልበተኛው እጁን ይሰበስብ ነበር። መንገደኛው የተበዳዩን ክርክር አልተከራከረለትም፤ ማን ትክክል እንደሆነም አያውቅ ይሆናል። ያደረገው ነገር ዱላው እንዲቆምና ነገሩ በዳኛ ፊት እንዲሰማ ነው። ከዚያ በኋላ ተበዳዩ ራሱ ይናገራል። የክርስቲያን ጥብቅና ልክ ይህ ይመስለኛል። ነገደዎች የሚፈልጉትን ያውቃሉ፤ መናገርም ያውቃሉ። የጎደላቸው ሲናገሩ የሚሰማቸው ነው፤ የሚሰሙትን ሰዎች ደግሞ የሚያስተምር፣ የሚያቆርብ፣ ሲያስፈልግም የሚገሥጽ ካህን አለ።

ይህ ጥብቅና ዋጋ ያስከፍላል። በስሙ የምንቀድሰው ዮሐንስ አፈወርቅ ለድኻ አለማካፈልን ከድኻው መንጠቅ ነው ብሎ ያስተማረ አባት ነው፤ በቤተ መንግሥትና በጳጳሳት ተገፍቶ በ407 እ.ኤ.አ. በስደት አረፈ። በእኛም ዘመን የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ አሉ። በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናቸው ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ስትጽፍ ሰውን ነፍስና ሥጋ ብሎ ከፍሎ ማገልገል እንደማይገባ ሞግታለች። እርሳቸው ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። ይህን ሁሉ ከማንም እንደማልጠይቅ ግልጽ ይሁን፤ በጣና ዳር የሚጠየቀው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ባለ ዕዳዎቹ ሞተዋል የሚለው ነው። ባርነትን ቀስ በቀስ ለማስቀረት በ1916 ዓ.ም. ታወጀ፤ ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ደግሞ ጨርሶ ተከለከለ። የዛሬው የዘጌ ሰው ባሪያ አላሳደረም። ነገር ግን የቡናው ዛፍ ከአባት ወደ ልጅ ሲወረስ ክብሩም ውርደቱም አብሮ ተወርሷል። የጨዋ ልጅና የባሪያ ልጅ የሚለው ልዩነት ጋብቻ በመጣ ቁጥር ይነሣል፤ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት አጥንት ይቆጠራል። ገንዘቡን ለማን እንመልስ የሚለው ጥያቄ ያስቸግር ይሆናል፤ የዚህ የክብር ዕዳ ግን ከፋዩም ተከፋዩም ዛሬ በሕይወት አሉ፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳሉ። ሁለት ወጣቶች ተፋቅረው በተክሊል ሊጋቡ ሲመጡ የልጅቷ ወገን አጥንቱ አይሆነንም ብሎ ቢከለክል፣ የነፍስ አባታቸው ዝም ማለት የለበትም። አንድ ሥጋ አንድ ደም የተቀበሉ ልጆች እኩል መሆናቸውን በቤተሰቡ ፊት ሊናገር፣ ቤተሰቡም ተቆጥቶ ሌላ የነፍስ አባት ቢይዝ ሊታገሥ፣ ተክሊሉንም ሊፈጽምላቸው ይገባዋል።