አለኝ፣ አለልኝ፣ አለብኝ

በትርጉም ትምህርት ክፍለ ጊዜ አንዲት አጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ተሰጠችን። አንድ ገበሬ ስለ ራሱ ይናገራል፤ ሁለት በሬ፣ ጥቂት ዕዳ፣ የማይለቅ ሳልና ያረጀች እናት አለችኝ ባይ ነው። እንግሊዝኛው አራቱንም በአንዲት ግስ፣ በ‹ሃቭ›፣ ጠቅልሎ ያልፋል። እኛም «ይህችማ ምን አላት!» ብለን ጀመርን። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ክፍሉ በክርክር ታመሰ።

በሬው አላስቸገረንም፤ «ሁለት በሬ አለኝ» ብለን አለፍን። ዕዳው ግን «አለብኝ» ይላል እንጂ በባዶ «አለኝ» አይሆንለትም። ሳሉማ ጭራሽ ባለቤቱ እሱ ሆኖ ቁጭ አለ፤ «ሳል ይዞኛል»። እኛ ሳልን አንይዝም፣ ሳል ነው እኛን የሚይዘን! ለነገሩ የዚህች ግስ ጣጣ ብዙ ነው። እንግሊዝ ምሳውን ‹ሃቭ› ያደርጋል፣ እኛ እንበላለን። መሄድ ግድ ሲሆንበት ‹ሃቭ› ይላል፣ እኛ «መሄድ አለብን» እንላለን። ሰው አስጠብቆ ሲያቆምም ያችኑ ይጠራል፤ ሲመረውና «በቃኝ» ሲልም ያችኑ።

እናት ላይ ስንደርስ ግን ሳቃችን ቆመ። አብዛኞቻችን «ያረጀች እናት አለችኝ» ብለን ጽፈናል። የወረታ ልጅ የሆነው፣ «ወንዛዬ» እያልን የምንጠራው ጓደኛችን ግን «ያረጀች እናት አለችብኝ» ብሏል።

«እናት እንዴት ‹ብኝ› ትባላለች? ዕዳ ናት እንዴ?» ብለን ተነሳንበት።

«ዕዳ ናት አልወጣኝም» አለ። «እኔ ካልጦርኳት ማን ይጦራታል? ሐላፊነትም እኮ ‹አለብኝ› ነው የሚባለው፤ አደራም እንደዚያው።»

ይህን ጊዜ ዝም አልን።

‹ሃቭ›ን የሚያክል ግስ የጎደለን እኛ ብቻ አይደለንም። ሃንጋሪዎችም የላቸውም፤ ቤት ያለው ሃንጋሪ «ለእኔ ቤቴ አለ» እንደማለት ነው የሚናገረው። የኛው ግዕዝም «ብየ» ይላል፤ ቃል በቃል «በእኔ» ማለት ነው። ኤሪክ ፍሮም የተባለው አሳቢ እ.ኤ.አ. በ1976 ስለ ማግኘትና ስለ መሆን ባሳተመው መጽሐፍ፣ ብዙ ቋንቋዎች ይህ ግስ እንደሌላቸው ጠቅሶ፣ የግሱ መምጣት ከግል ንብረት ማደግ ጋር ሳይያያዝ እንደማይቀር ጽፏል።

ታዲያ ግሱ የሌለን እኛ ከስስት ነፃ ነን ማለት ነው? ኧረ የት! የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ የግል ርስት ቀርቷል፤ ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ሆኖም «መሬት አለኝ» ማለቱን ማንም አልተወም፤ ስለ አንድ ክንድ ድንበርም ሰው ከወንድሙ ጋር ይሟገታል። የግስ አለመኖር ጻድቅ አያደርግም።

የኛ ቋንቋ የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፤ ያስመርጠናል። አንድ ነገር ዝም ብሎ አለኝ? ሊረዳኝ አለልኝ? ወይስ ከብዶኝ አለብኝ? እንግሊዝኛው ሳይመርጥ ማለፍ ይችላል፤ እኛ ግን ቢያንስ ከአንዱ ፊደል ጋር እንፋጠጣለን። ደግሞም ፊደሉ በነገሩ ላይ ተጽፎ አልተወለደም። የፎገራን ሜዳ እንይ። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደሆነው ጎርፉ ሲበረታ ሕዝቡን ከቤቱ ያፈናቅላል፤ ያኔ «ውሃ አለብን» ነው። ነገር ግን ያው ረግረግ፣ ሌላ እህል የሚያበሰብሰው ውሃ፣ ሩዝ ከገባ ወዲህ በልኩ ሲመጣ ሀብት ሆኗል፤ «ውሃ አለን» ያሰኛል። ውሃው ያው ውሃ ነው፤ የተለወጠው ሰው ከውሃው ጋር ያለው ነገር ነው።

ከክፍል ስንወጣ ወንዛዬ ራሱ አንድ ነገር አጫወተን። እናቱን ጎረቤት «ለመሆኑ ማን አለሽ?» ሲላት፣ መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው አለ፤ «ልጄ አለልኝ»።

አለልኝ! በአገራችን ለወንድ ልጅ ስም እስኪሆን ድረስ የተወደደ ቃል ነው። እንግዲህ አንዱን ዝምድና እናት በ‹ል› ስትቆጥረው ልጅ በ‹ብ› ቆጠረው። እሷ ርብ ዳር፣ እሱ ዶርም ውስጥ። ማን ለማን እንዳለ ለማወቅ ሰዋስው አይበቃም።

በወንዛዬ አንፈርድም። እውነቱን ነው የጻፈው፤ «አለችኝ» ብለን በሰላም ካለፍነው ከኛ ይልቅ ስለ እናቱ ያሰበ እሱ ነው። ግን ግዴታ ብቻውን ሲቀር ሰውን ከዕዳ ተርታ ያሰልፈዋል፤ ዕዳ ደግሞ ሲከፈል ያልቃል። እናት ተከፍላ አታልቅም። ሸክሙን ሳንክድ፣ ሸክሟን የተሸከምንላት ሰው እኛንም «አለልኝ» እያለች እንደምትኖር ብናስታውስ፣ ‹ብ› የራሷን ክብደት ይዛ ወደ ‹ል› መጠጋት የምትችል ይመስለናል።

መምህሩ ሁለቱንም ትክክል ብለው አረሙ። ወንዛዬ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «ያችን ‹ብ› ግን እናቴ ባትሰማት ይሻላል» አለን።

እኛስ የቤታችንን ሰዎች በየትኛው ፊደል ነው የምንጠራቸው?