ንፍጡን ማን ይጥረገው?

«ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» ይባላል። ጌዴኦ ውስጥ፣ ወናጎ ላይ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ዓመት የሞላቸውን ልጆች ባየሁ ቁጥር ይህ ተረት ይመጣብኛል።

የእኛ ሰው ሰላምታው ሰውነት ላይ ያርፋል። «ወፈርሽሳ፣ ተስማምቶሻል!» ድሮ ምርቃት ነበር። ዛሬ ይህን የሰማች ልጅ ማዕድ ላይ እጇን ትሰበስብና ማታ ተደብቃ ትበላለች። ቀጭኑም «እናትህ አታበላህም እንዴ?» ሲባል አንገቱን ይደፋል። እዚህ ላይ ተረቱ እውነት ነው፤ ልጅ ከነውፍረቱም ከነክሳቱም ይወደዳል።

ይሁን እንጂ ንፍጡ ሳይጠረግ የሚውል ልጅ ተወደደ አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2017 በወናጎ ወረዳ የገጠር ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ደም ማነስና መቀንጨር አንድ ልጅ ላይ ተደራርበው እንደሚገኙ አሳይቷል። ይህ የሆነው እንሰትና ቡናው ተቃቅፈው በሚበቅሉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የጌዴኦ ምድር ላይ ነው። ቆጮ ሆድ ይሞላል፤ ገንቢ ምግብነቱ ግን አነስተኛ ነው። ከጎኑ ጎመንና ቦሎቄ፣ ሲገኝም አይብ ካልቀረበ ለሚያድግ ልጅ አይበቃም። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከበሉ በኋላ የሚጠጣ ቡና ደግሞ ሰውነት ከጎመኑና ከቦሎቄው የሚያገኘውን ብረት ይሻማል። ለልጁ ቡናውን ማስቀረት፣ ቢያንስ ከማዕዱ አንድ ሰዓት ማራቅ ምንም ወጪ የለውም።

ቡና ተሸጦ እጅ ላይ ገንዘብ ሲገባ ሌላው መልክ፣ ውፍረት፣ ይመጣል። አባት ለስላሳ በሳጥን ይዞ ይገባና የወፈረችውን ልጅ ብቻ «አንቺ ይቅርብሽ» ይላታል። በአንድ ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር ሊኖር ይችላል፤ ለአባትየውም ቢሆን አይበጀውም። መጥረግ ከተባለ ሳጥኑን ገዝቶ አለመግባት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ዕድሜ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። ባጃጁን ትቶ አቀበቱን አብሮ መውጣት፣ ቅዳሜ አብሮ ቡና መልቀም ለወላጁም ይጠቅማል። ለብቻዋ ሳህን ተለይቶላት፣ ሌላው በትሪው ዙሪያ የሚበላበትን ቤት ግን አልወደውም። ቅጣት ነው።

ተረቱ የሚያጥረኝ አንድ ቦታ አለ። የተነገረው ለሕፃን ነው፤ ሕፃን ፊቱን ሰጥቶ ይጠረጋል። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በግድ ከተነካ ይሸሻል። ደግሞም ሁሉ ነገር ንፍጥ አይደለም። ሴት ልጅ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ዳሌዋ መሙላቱ፣ ወንዱም በአንድ ክረምት ተመዝዞ መቅጠኑ የዕድገት ሥራ ነው። ይህን ለመጥረግ የሚቸኩል ወላጅ ጤነኛውን ልጅ ያስርባል። የሚያሳስብ ነገር ካለ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ ባለሙያው ኪሎውን ለብቻው አያየውም፣ ከቁመትና ከዕድሜ ጋር ነው የሚያገናዝበው። ውጤቱም ለራሱ ለልጁ ይነገረው፤ ቡና ላይ ጎረቤት ፊት አይወራበት።