በሐምሌ ፀሐይ መመኘት

የክረምቱ ዕረፍት ሲቃረብ እኛ ተማሪዎች ዕቅድ እናወጣለን፤ ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርደን ዛሪማ ቆላ ፀሐይ ልንሞቅ። ለመሆኑ በሐምሌ «ምነው ፀሐይ በወጣች!» ማለት ተገቢ ነው ወይ?

ፈረንጅ በጋው ሐምሌ ነውና ፀሐይ ፍለጋ ባሕር ይሻገራል። አገራችንም ለብዙ ዓመታት ለጎብኚ «የ13 ወር ፀሐይ አለኝ» ስትል ኖራለች። የዛሪማ ገበሬ ግን በሐምሌ የሚጠብቀው ዝናም ነው። ዝናም ሲቀር ምን እንደሚከተል የ1977ቱ ድርቅ አሳይቶናል።

ዕረፍት ኃጢአት አይደለም፤ የደከመው ይረፍ። «ምኞት ብቻውን ማሽላ አያደርቅም» የሚለን ይኖራል። እውነት ነው፤ ቢሆንም የሰው እንጀራ እየበሉ በማሳው ላይ ድርቅ መመኘት የእንግዳ ወግ አይደለም።

እንግዲህ ጃንጥላችንን ይዘን እንውረድ፤ ሲዘንብብንም ከባለማሳው ጋር «ተመስገን» እንበል።