ስጦታ ወይስ ዋጋ?

ውድ አንባቢ ሆይ፤ በስልክ የሚላክልህ ገንዘብ ኹሉ ስጦታ ነውን? ይኸን የምጠይቅህ ስለ ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ስለ አንደበትህም ነው እንጂ።

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከዠመረ ወዲህ በአርባ ምንጭ፥ በሴቻም በሲቀላም፥ ብዙ ገንዘብ የሰው እጅ ሳይነካው ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል። በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳ የሚሸምን የዶርዜ ልጅ ጨንቻ ላለች እናቱ 500 ብር ቢልክላት ይኸ በእውነት ስጦታ ነው፤ እናቲቱ የሸጠችለት ነገር የለምና። ነገር ግን ጋቢ የሚሸጥ ነጋዴ ገዢውን፦ «ዋጋውን በግል ስልኬ ላክልኝ፤ ምክንያቱንም ስጦታ ብለህ ጻፍ» ቢለው፥ ይኸ ምንድር ነው? ስሙ ስጦታ ነው፤ ነገሩ ግን ዋጋ ነው።

የአገራችንም ሕግ ይኸን ለይቶታል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር ዐዋጅ ቁጥር 979 በስጦታና በውርስ የተገኘውን ንብረት ከገቢ ግብር ነጻ አደረገ፤ ከመቀጠር፥ ከንግድ ወይም ከኪራይ የተገኘ ገቢ የኾነ እንደ ኾነ ግን ነጻ አላለውም። እንግዲህ እናቲቱ የምትፈራው ነገር የለም፤ ነጋዴው ግን የእርሷን ልብስ ሰርቆ ለብሷል።

ምናልባት፦ «ግብሩ ከብዶኛል፤ አስከፋዮቹም ኹሉ ቅኖች አይደሉም» ትል ይኾናል። ሸክሙ ከከበደህ አቤት የምትልበት መንገድ አለ። የጋሞ አባቶች በዱቡሻ ተሰብስበው ነገርን በአደባባይ ይነጋገራሉ፤ በዚያ ቆመህ ልትናገረው የማትደፍረውን ቃል በስልክህ ስለ ምን ትጽፋለህ? ደግሞም ገዢውን የሐሰትህ ተካፋይ አደረግኸው፤ ግብሩን በቅንነት የሚከፍለውንም የገበያ ጎረቤትህን በደልኸው።

እኛም ወንጌል ሰባኪዎች ከዚህ ነገር አናመልጥም። ለአገልግሎታችን በየወሩ የተቈረጠልን ገንዘብ በስልክ ሲደርሰን የፍቅር ስጦታ ብንለውም ደመወዝ ነው፤ የደመወዝም ግዴታ አለበት።

ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ በ4ኛው ምዕራፍ የሠራተኛን ደመወዝ ከጸጋ ለይቶ አሳይቶናል። እኛ የዳንነው በስጦታ ነው፤ ታዲያ ይኸን ቅዱስ ስም የግብር መሸሸጊያ ልናደርገው እንደምን ይገባናል? በሐዋርያት ሥራ በ5ኛው ምዕራፍ የምናነብላቸው ሐናንያና ሰጲራም የተፈረደባቸው ከገንዘባቸው ስላስቀሩ ሳይኾን፥ ያስቀሩትን ኹሉን ሰጠን ብለው ስለ ዋሹ ነው።

ስለዚህ፥ ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴም ሆይ፥ ገንዘብ በደረሰህ ጊዜ ራስህን ጠይቅ፦ ባልሸጥሁለት፥ ባላገለገልሁትም ኖሮ ይኸ ሰው ይልክልኝ ነበርን? ሕሊናህ፦ አዎን ብሎ ከመሰከረ፥ እግዚአብሔርን አመስግነህ ተቀበል። አይደለም ካለህ ግን፥ ዋጋ ብለህ ጥራው፥ በመዝገብህም ጻፈው፥ የሚገባውንም ግብር ክፈል። የተረፈህ ጥቂት ቢኾንም ሳትሸሸግ ከልጆችህ ጋር ትበላዋለህ።

እግዚአብሔር እውነት የሚናገር አንደበት ይስጠን። አሜን።