የጓዳችን ጽዳትና የጾማችን ዝግጅት

(ንባባት፦ 2ኛ ነገሥት 4፥1-7፤ ያዕቆብ 5፥1-5፤ ሉቃስ 12፥13-21)



ባልዋ የሞተባት አንዲት ሴት፥ አበዳሪው ሁለት ልጆችዋን ባሪያዎች አድርጎ ሊወስድባት በመጣ ጊዜ ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ ጮኸች። ነቢዩ ከኪሱ ገንዘብ አውጥቶ አልሰጣትም፤ አበዳሪውንም አስጠርቶ አልገሠጸላትም። አስቀድሞ የጠየቃት በቤትዋ ምን እንዳለ ነው። እርስዋም ከአንድ ማሰሮ ዘይት በቀር ምንም እንደሌላት ነገረችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከጎረቤቶችዋ ባዶ ማድጋዎች ተዋሰች፥ በርዋን ዘግታ ቀዳች፥ ማድጋዎቹ ባለቁ ጊዜም ዘይቱ ቆመ። ዘይቱን ሸጣ ዕዳዋን ከፈለች፥ በተረፈውም ከልጆችዋ ጋር ኖረች።

ይህን ታሪክ ስንሰብክ ብዙውን ጊዜ ወደ ተአምሩ እንቸኩላለን። ዛሬ ግን በጥያቄው ላይ ጥቂት እንድንቆይ እወዳለሁ። ያቺ ሴት በጓዳዋ ያለውን ሳታመነታ ለመናገር ችላለች። የሰራፕታዋ መበለትም ለኤልያስ ስትመልስለት በማድጋዋ እፍኝ ዱቄት፥ በማሰሮዋም ጥቂት ዘይት እንዳላት ለይታ ተናግራለች (1ኛ ነገሥት 17)። ድኻ ጓዳውን ያውቃል። ከእኛ መካከል ግን በጓዳው ስንት ዓይነት እህል፥ ስንት ጠርሙስ፥ ስንት የታሰረ ፌስታል እንዳለ ከተቀመጠበት ሳይነሣ የሚናገር ማን ነው? ይህን የምለው ለእኅቶች ብቻ አይደለም፤ እኛ ወንዶቹማ የጓዳው በር ወዴት በኩል እንደሚከፈት እንኳ የምናውቀው በጭንቅ ነው።

ቤት ለመባረክ በየምእመናኑ ዘንድ ስንዞር የማስተውለው ነገር አለ። ሳሎኑ ተወልውሎ፥ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፥ የእመቤታችን ሥዕል በአበባ ተከብቦ ይጠብቀናል። ወደ ጓዳው ስናመራ ግን የቤቱ እመቤት ቀደም ብላ በሩን ሳብ ታደርገዋለች፤ «አባ፥ እዚያስ ይቅር፥ ዝርክርክ ነው» ትላለች። ዛሬ በኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ብዙ ቤተ ሰቦች ጓዳ የሚባል ክፍል የላቸውም፤ ጓዳቸው ቁም ሣጥን፥ ወይም የአልጋ ሥር፥ ወይም በረንዳ ሆኗል። እዚያም ቢሆን መጋረጃው ይጋረዳል። የቤተ ሰቡ እንጀራ የሚወጣው ግን ከዚያው ከተጋረደው ሥፍራ ነውና በረከቱ እዚያ ካልደረሰ ወዴት ይደርሳል?

እስራኤል ፋሲካን ለማክበር ሲዘጋጁ እርሾ በቤታቸው እንዳይገኝ ታዝዘው ነበር (ዘጸአት 12)። ይኸውም ማለት በየዓመቱ ዕቃ ቤቱ ሳይፈተሽ፥ ማዕዘኑ ሳይጠረግ በዓሉ አይጀመርም ነበር ማለት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ አሮጌው እርሾ ሲጽፍ (1ኛ ቆሮንቶስ 5) ይህን የእናቶችን ሥራ በዓይነ ኅሊናው እያየ ነው። በእኛም አገር ቅበላ ሲደርስ እናቶቻችን ቅቤና ሥጋ የነካውን ዕቃ ፈትገው ያጥባሉ፥ የጾሙን ከፍስኩ ይለያሉ። ታዲያ ዘንድሮ ይህ ሥራ በድስትና በጭልፋ ሳይቆም እስከ ጓዳው መጨረሻ ማዕዘን ይድረስ ብዬ እለምናችኋለሁ። ባል፥ ልጆችም ጭምር እጃቸውን ያስገቡበት።

በጓዳው ያለውን ሁሉ ወደ ፀሐይ ስናወጣ የምናገኘው ይታወቃል። የካቻምናው በርበሬ ከዘንድሮው ሥር ተቀብሮ፥ ነቀዝ የበሳው ባቄላ፥ ምንነቱ የተረሳ ቅመም፥ ክዳን የሌለው ጠርሙስ፥ ጠርሙስ የሌለው ክዳን። ከውጭ አገር ያለው ልጅ የላከው የታሸገ ምግብም አለ፤ «ለእንግዳ» እየተባለ ሲቀመጥ እንግዳው ሳይመጣ ጊዜው አልፎበታል። ደግሞም የእኛ ያልሆነ ነገር ይገኛል፤ ከጎረቤት የተዋስነው ወንፊት፥ ለልጁ ክርስትና ያመጣነው የዕድሩ ትሪ። ይህንስ ከጽዳት ይልቅ በሰባተኛው ትእዛዝ ሥር ብንቆጥረው ይሻላል። በዚያው ቀን ይመለስ።

ይህን ሁሉ ያከማቸው ስስት ብቻ ነው ብዬ አልፈርድም። የ1966ቱን ወይም የ1977ቱን ረሃብ ያየች እናት ቁራሽ ድርቆሽ ለመጣል እጅዋ አይታዘዛትም፤ ልጆችዋም ሊያፌዙባት አይገባም። እርስዋ የምታስቀምጠው ከእህሉ ጋር ትዝታውን ነው። እንዲህ ያለውን ጓዳ የሚያጸዳ ልጅ ከእናቱ አጠገብ ተቀምጦ፥ እያንዳንዱን ነገር አስነክቷት፥ ፈቃድዋን ተቀብሎ ያጽዳ። እርስዋ ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት ሰዓት ሁሉን ጠራርጎ የሚጥል ልጅ ቤቱን አጸዳ አይባልም።

ማከማቸትም በራሱ ኃጢአት አይደለም። ዮሴፍ በግብፅ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምድሩ ፍሬ አምስተኛውን እጅ አከማችቶ በሰባቱ የረሃብ ዓመታት የብዙዎችን ነፍስ አዳነ። ስለ መናም የተጻፈውን እንመልከት (ዘጸአት 16)። ከትእዛዝ ውጭ ለነገ ያስተረፉት ትል አፈራ፥ ሸተተም፤ በትእዛዝ ለሰንበት ያኖሩት ግን ትል አልነካውም። መናው አንድ ነው፥ ሌሊቱም አንድ ሌሊት ነው። አንደኛው የተቀመጠው ነገ እግዚአብሔር አይሰጥ ይሆናል ከሚል ፍርሃት የተነሣ ነው፤ ሌላው ደግሞ እግዚአብሔር ስላዘዘ።

በሉቃስ ወንጌል ያለውን ባለጠጋ ስናነብ ንግግሩን ልብ እንበል። ጎተራዬ፥ ፍሬዬ፥ በረከቴ፥ ነፍሴ ይላል እንጂ በንግግሩ ውስጥ ሌላ ሰው የለም፤ ሚስት የለችም፥ ሠራተኛ የለም፥ ጎረቤት የለም። ጎተራው በጠበበው ጊዜ ጎተራውን ሊያሰፋ አሰበ እንጂ ከእህሉ ለማካፈል አላሰበም። በ4ኛው መቶ ዘመን በቀጰዶቅያ የነበረው ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ በዚህ ወንጌል ላይ ሲሰብክ፥ አንተ የያዝኸው እንጀራ የተራበው ሰው ነው፥ በሣጥንህ የቆለፍኸው ልብስ የታረዘው ነው፥ በቤትህ የሚበሰብሰው ጫማ ባዶ እግሩን የሚሄደው ነው ብሎ አስተምሯል። ባስልዮስ ምጽዋትን እንደ ቸርነት ሳይሆን እንደ መመለስ ይቆጥረዋል። 2ኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ቤተ ክርስቲያን በዛሬው ዓለም ባወጣው ሰነድ የምድር በረከት ለሰው ሁሉ የተሰጠ መሆኑን ሲያስተምር እነዚህን አበው ጠቅሷል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው የሚጣል ምግብ ከድኻ ማዕድ እንደ ተሰረቀ ነው ብለዋል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ መሠረት በ2022 በዓለም ከአንድ ቢሊዮን ቶን በላይ ምግብ ባክኗል፤ ከዚህም ከመቶ ስድሳ ያህሉ የባከነው በገበያ ወይም በሆቴል ሳይሆን በየመኖሪያ ቤቱ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። ከፀሐይ ያወጣነው ሁሉ ሦስት ቦታ ይለያል፤ የምንበላው፥ የምንሰጠው፥ የምንጥለው። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሰናከልበት ነገር አለ፤ የማንበላውን ለመጣል ስለምናዝን ለድኻ እንሰጠዋለን። ነቢዩ ሚልክያስ በዘመኑ የነበሩትን ካህናት፥ ዕውርና አንካሳ እንስሳ ለመሥዋዕት ሲያቀርቡ፥ እስቲ ይህን ለገዥህ አቅርብለት፥ ይቀበልህ ይሆን? በሚል ቃል ወቅሷቸዋል። ነቀዝ የጀመረው ባቄላ ተነፍቶና ተለቅሞ ሊበላ ይችላል፤ እኛው እንብላው። የሻገተ በቆሎ፥ የሻገተ ለውዝ፥ የሻገተ በርበሬ ግን ለማንም አይሰጥ። በእንዲህ ያለው ሻጋታ ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበትን የሚጎዳ፥ ለነቀርሳም የሚዳርግ መርዝ ሊኖር ይችላል፤ ይህንንም በቤት ውስጥ መቀቀልና መጋገር አያጠፋውም። «ለላሟ ይሁን» የሚሉም አሉ፤ ላሟ የበላችው መርዝ ወደ ወተቱ ይተላለፋል፥ ወተቱንም ሕፃኑ ይጠጣዋል። ስለዚህ ይህ ያለ ጸጸት ይቀበር። የሚያጸጽተው ለመሻገት እስኪደርስ ድረስ መቀመጡ ነበር።

የሚቀረው ከመመለሱ በፊት እህሉ በደንብ ይድረቅ። ማዳበሪያው በመሬት ላይ ሳይሆን በእንጨት ርብራብ ላይ፥ ከግድግዳውም ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ከመሬትና ከግድግዳ የሚመጣው እርጥበት ነው ሻጋታውን የሚጠራው። አሮጌው ወደ ፊት፥ አዲሱ ወደ ኋላ ይሁን፤ በየዕቃው ላይ የገባበት ወር ይጻፍበት። በውስጡ ሁለት ፕላስቲክ ያለው ባለ ሦስት ድርቡ ከረጢት በሚገኝበት አካባቢ እርሱን መጠቀም መልካም ነው፤ አፉ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፥ መድኃኒትም አያስፈልገውም።

ስለ ነቀዝ መድኃኒት ካነሣሁ ዘንድ፥ ቆጣ ብዬ ብናገር ይቅር በሉኝ። ከገበያ ተገዝቶ በማዳበሪያ ውስጥ የሚጨመረው እንክብል እርጥበት ሲነካው የሚገድል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ነቀዙን ከሕፃኑ አይለይም። ሰው በሚያድርበት ቤት፥ ይልቁንም ጓዳው መኝታ በሆነበት አንድ ክፍል ውስጥ ይህን ማስቀመጥ አምስተኛውን ትእዛዝ የሚነካ ነገር ነው። እንክብሉን ለልጅ እጅ በሚደርስ ሥፍራ ማስቀመጥም እንዲሁ።

አንድ ነገር ቀርቶናል፥ እርሱም የጓዳው ቁልፍ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ ባለጠጎችን ሲወቅስ ሀብታቸው እንደ ተበላሸ፥ ልብሳቸውን ብል እንደ በላው ይናገርና ወዲያው ያለ አንዳች መሸጋገሪያ ወደ ሠራተኞቹ ደመወዝ ያልፋል፤ የተነፈገው ደመወዝ ይጮኻል ይላል። ሁለቱን ነገር ለምን አጠገብ ለአጠገብ አደረጋቸው? በብዙ ቤት ጓዳውን የምታጥበው፥ በርበሬውን የምትለቅመው፥ ጤፉን የምታበጥረው ከገጠር የመጣች አንዲት ልጅ ናት። ቁልፉ ግን ከእመቤቲቱ ጋር ይሄዳል። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ በእህል መካከል ውላ የምትበላው እመቤቲቱ እስክትመለስ ይጠብቃል፤ የምትበላውም የትናንቱን ነው። ልጆቻችን በዓረብ አገር በሰው ቤት ሲሠሩ ምግብ ተነፈጉ፥ ማቀዝቀዣው ተቆለፈባቸው ሲባል እናለቅሳለን፥ ጸሎት እናስደርጋለን። በገዛ ቤታችን ያለውን ቁልፍ ግን አንመረምረውም። ንብረት መጠበቅ አግባብ ነው፤ ነገር ግን በዚህ ጾም ለኑዛዜ ስትዘጋጁ፥ የምታሠሩት ሰው በቤታችሁ ከምትበሉት ይበላ እንደ ሆነ፥ ደመወዙም በቀኑ ይከፈለው እንደ ሆነ በኅሊና ምርመራችሁ ውስጥ አስገቡት። ማንም ሳይጠይቃችሁ ለካህኑ ተናገሩት። ከመናዘዛችሁም አስቀድማችሁ የቀረ ደመወዝ ካለ ክፈሉ።

ለምንሰጠው መጠን መለኪያ ለሚፈልግ፥ በ2ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው በግዕዝም ተተርጉሞ በአገራችን የቆየው የሄርማስ መጽሐፍ ቀላል መንገድ ያሳያል፦ በጾም ቀን ልትበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልተህ ለመበለት ወይም ለሙት ልጅ ወይም ለችግረኛ ስጥ ይላል። ስለዚህ የጾም ወራት ወጪያችን ከፍስኩ ወራት ቢበልጥ፥ እንደ አንዳንዶቻችን ቤት ማለቴ ነው፥ ሒሳቡ አንድ ቦታ ተሳስቷል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፥ ለልጆቹ ይህን ስታስተምሩ የኤልሳዕን ታሪክ በቃል ብቻ አትተዉት። እያንዳንዱ ልጅ ከእናቱ ወይም ከአባቱ ጋር ሆኖ በጓዳቸው ያለውን ይጻፍ፤ ዝርዝሩን ግን በክፍል ውስጥ አታስነብቡ፤ የአንዱ ቤት ረጅም፥ የሌላው ሁለት መስመር ይሆናልና ልጅ በጓዳው አይፈር። ዝርዝሩ በቤት ይቅር፤ እናንተ ጠይቁ የሚባለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከቤታችሁ ማን ቢጠየቅ ሊሰጠው የሚችል ምን ባዶ ዕቃ፥ ምን ትርፍ እህል አገኛችሁ? ባዶው ዕቃም ይቆጠር፤ የመበለቲቱ ዘይት የሞላው በጎረቤት ባዶ ማድጋ ነበርና።

ወደ ቁምስናችሁ የምታመጡት ደረቅና ንጹሕ፥ በክዳን ዕቃ ወይም በታሰረ ከረጢት የሆነ፥ ምንነቱና የገባበት ወር የተጻፈበት ይሁን። ያጠባችሁትን እንስራና ማሰሮ ደግሞ አፉን ደፍታችሁ ሁለት ቀን በፀሐይ አቆዩት፤ እርጥበቱ ሳይለቅ እህል እንዳታስገቡበት።